እምቢ የማይለው ጠባቂ

ወንድሜ ዶሮ እንኳ «እሽ» ብሎ ማባረር የሚያፍር ሰው ነው። ሙያው አናጢነት ነው። ሰዎች መዶሻውን ተውሰው ሳይመልሱለት ሲቀሩ፣ ሄዶ «ለአንድ ቀን ታውሰኛለህ?» ብሎ የራሱን ዕቃ ይለምናል። በዚህ ብዙ ተስቆበታል።

እናታችን ቶሎ ስለሞተች እሱንም እኔንም ያሳደገችን ታላቅ እህታችን ናት። እታለም እንላታለን። ለኛ ብላ ትምህርቷን ተወች፤ ትዳርም አልያዘች። አሁን የምትተዳደረው በአንዲት ላም ነው። ጠዋት ጠዋት ወተቱን በነጭ ጨርቅ አጥልላ ለጎረቤት ትሸጣለች።

ከቤቶቻችን ወረድ ብሎ ረግረግ አለ። ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲደርቅ የሱ ሳር አይደርቅም። በዚያ ሳር ውስጥ በየዓመቱ ከሩቅ አገር መጥታ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ወፍ አለች። ደህና አድርጎ ያያት ሰው ስለሌለ ድብቋ እንላታለን። ድምጿ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሰው በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ቀስ ብሎ ሲነፋ ይመስላል። ጎጆዋን ከሳሩ ሥር፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጋ ስለምትሠራው ከብት ይረግጠዋል፣ ማጭድም ያገኘዋል። ከዘሯ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ሲነገረን፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጫጩቶቹ ጎጆ ለቀው እስኪሄዱ ረግረጉ እንዲዘጋ ተስማማ። ከዚያ ሳሩ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል።

ጠባቂ ይመረጥ ሲባል አንዱ ከኋላ «አናጢው ይሁን!» አለ። ሳቅ ሆነ። እጅ ሁሉ ወጣ፤ ቀድማ ያወጣችውም እታለም ነበረች። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁሉም ሌላው እንዳይገባ ይፈልጋል፤ እሱን ራሱን ግን እምቢ የሚለው ጠባቂ አይፈልግም። ወንድሜ አመኑኝ ብሎ ደስ አለው። ከትርፍራፊ ጣውላ ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ከረግረጉ መግቢያ አቆመ፤ ውስጧም አግዳሚ ወንበር አስገባ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የእታለም ላም ገና መውለዷ ነበር። ገለባው አለቀ፤ የላሚቱ የጎን አጥንት ወጣ። አንድ ማለዳ ለወንድሜ ቁርስ ይዤ ስወርድ፣ እታለም ማጭድና ገመድ ይዛ ከጎጆው ፊት ቆማለች። ከኋላዋ ደግሞ ሦስት አራት የሰፈር ሴቶች፣ ማጭዳቸውን ከነጠላቸው ሥር ይዘው ይጠብቃሉ። እሷ ከገባች ሊከተሏት ነው።

«ከዳር ከዳር ነው የማጭደው» አለችው። «አንድ ሸክም ብቻ።»

«እታለም፣ አይሆንም» አለ።

«ማን ነው አይሆንም ያለኝ? አንተ ልጅ፣ አፍህን የፈታሁልህ እኮ እኔ ነኝ!»

«ጫጩቶቹ ገና ናቸው። ተፈልፍለው ሳምንት አልሞላቸውም።»

«የኔስ ጥጃ?»

ወንድሜ ከመንገዱ ላይ አልተነቃነቀም። እታለም ገመዱን በክንዷ ላይ ጠቅልላ ተመለሰች። ሴቶቹም ተያዩ።

«ያሳደገችውን ከመለሰ እኛንማ!» አለች አንዷ፤ ሁሉም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እስከ አጨዳው ቀን ድረስ ማጭድ ይዞ ወደ ረግረጉ የወረደ የለም።

ወንድሜ የአናጢነት ሥራውን ትቶ የመንገድ ዳር ሳር ያጭድ ጀመር። አራግፎ፣ አቧራውን በውሃ አጥቦ፣ እታለም ደጃፍ አስቀምጦ ይሄዳል። እሷም ለላሚቱ ትሰጣለች፤ እሱን ግን አታናግረውም። እኔ በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ ብልም አልሆነልኝም። ሳሩ አልበቃም። ወተቱ ቀነሰ፣ ከዚያም ነጠፈ። ላሚቱ ከነጥጃዋ ተሸጠች። ገዢው ሲነዳቸው ጥጃው አልሄድ ብሎ ተሸክመው ወሰዱት። ወንድሜ ከአጥር ማዶ ቆሞ ያይ ነበር። ቀርቦ ልርዳ አላለም፤ ፊቱን ሲያዞር አየሁት።

የአጨዳው ቀን ሲደርስ ወንድሜ ሰዎቹን ከረግረጉ መሃል አስጀመራቸው። ከዳር ጀምረው እየከበቡ ቢያጭዱ፣ የዘገየ ጫጩት ካለ መሃል ላይ ተይዞ ያልቃል። «ሰውዬው በቁማችን ሊያዋኘን ነው!» እያሉ አጉረመረሙ፤ ግን እሺ አሉት።

ማታ ላይ እታለም ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ሸክሙን ይዞ መጣ። ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ድርሻሽ ነው» አለ።

«ምን ላድርገው? እኔው ልብላው?»

ሳቄ አመለጠኝና አፌን ያዝኩ። እነሱ አልሳቁም።

«ጫጩቶቹ ወጡ?» አለችው።

«ወጡ።»

«አየሃቸው?»

«አላየሁም። ሳሩ ዝቅ ብሎ ሲነቃነቅ፣ ወደ ዳር ሲሄድ ብቻ ነው ያየሁት።»

«እና ላሜን ላላየኸው ነገር ነው?»

«አዎ፣ እታለም» አለ።

አላስተባበለም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። እሷም ያንን የጠበቀች አልመሰለኝም። ተነሳችና የሸክሙን አንድ ጫፍ ያዘች። «አውርደው በል፤ ወገብህ ሊቆረጥ ነው» አለችው። ባዶው በረት ውስጥ አስገቡት። ገመዱ በውሃ ጠብቆ አልፈታ ሲላት በጥርሷ ይዛ ፈታችው፤ ሳሩንም እንዳይሻግት በትና አሰጣችው።

«ጫማህን ውጭ አውልቅ» አለችው፣ ወደ ቤት እየቀደመችው። «ወለሉን ዛሬ ነው የወለወልኩት።»