የአደ ጫልቱን እንጆሪ የነቀልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን እየመረጥኩ አቀርብና ይህችን ደብቄ እመለሳለሁ። ለአንተ ለአንባቢው የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው፤ ፊትህን ስለማላየው ነው። ድፍረት እንዳይመስልህ። ይህም ያው ፍርሃቴ ነው።

የእርሻ ባለሙያ ነበርኩ። ሱሉልታ ውስጥ ብዙ ዓመት ገበሬ አስተማረ ይባልልኛል፤ እውነቱ ግን ገበሬን እያንቋሸሽኩ ደመወዝ መብላቴ ነው። ጫማዬን ጭቃ ሲነካው ፊቴ የሚጠቁር ባለሙያ ነበርኩ።

ወይዘሮ ጫልቱ የአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «አደ ጫልቱ» ይላቸዋል። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የእርሻ መሬታቸው ለአንድ ባለሀብት ተሰጥቶ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጓሮ ብቻ የቀረላቸው ሴት ነበሩ። በአፌ አንቱ እላቸው ነበር፤ በልቤ ግን «አንቺ» ነበሩ።

እኔ አራት መደብ እንጆሪ ነበረኝ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ በሳህን አቀርብና ሙያዬን አስመሰክራለሁ። አንድ ክረምት አደ ጫልቱ በአጥሩ ቀዳዳ አይተው «ለእኔም ትንሽ ይስጡኝ» አሉኝ። እንጆሪ ሐረግ ይዘረጋል፤ ሐረጉ አፈር በነካበት ቦታ ሥር ሰዶ አዲስ ተክል ይወጣዋል። እነዚያን ጨቅላዎች ለራሴ አስቀረሁ። ልጥላቸው የነበሩትን፣ ያረጁትንና ቅጠላቸው ነጠብጣብ የወጣበትን፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አቀበልኳቸው። «ጋላቶማ ኦቦ ተፈራ» ብለው አመስግነው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ እየነገርኩ ሳቅሁባቸው።

እርሳቸው የታመመውን ቅጠል ቀነጠቡ። እንዳይበሰብስ ቅጠሉ የሚወጣበትን ልቡን ከአፈር በላይ አድርገው ተከሉት፣ የቆየ ፍግ ጨመሩለት፣ ፍሬው ጭቃ እንዳይነካ ከሥሩ የጤፍ ጭድ አነጠፉለት። የሱሉልታን ውርጭ ታውቀዋለህ? ጥቅምት ሲገባ ማታ ማታ ጆንያ ያለብሱታል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገልጡታል። «ሕፃን ነው እንዴ የሚያለብሱት?» እያልኩ አሾፍኩ። ውርጩ የእኔን አራት መደብ አቃጠለው። የእርሳቸው አፈራ።

ከዚያ ወዲያ እንግዶቼ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ «ይህንን ማን ነው የሚንከባከበው?» ይሉኝ ጀመር። አደ ጫልቱ ለእኔም በጎድጓዳ ሳህን ይልኩልኝ ነበር። ጣፋጭ ነበር። ጥርሴን ነክሼ በላሁት።

ገመቹ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ግንበኛ። «አዳዳ» ይላቸዋል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ምሳውን የሚበላው እርሳቸው ቤት ነበር። አንድ ቀን በር ላይ አገኘኝና «መሬቷን ወሰዳችሁባት፣ በምትኩ መጫወቻ ሰጣችኋት» አለኝ። መሬቱን የወሰድኩት እኔ አልነበርኩም። ግን ሲለካ ሜትሩን በአንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እርሱም ይህን ያውቃል። መልስ አጣሁ፤ ቂም ግን አላጣሁም።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሣው በዚያ ጊዜ ነው። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ እኛም ጋ ወጣቱ አዲስ አበባ መሬታችንን ልትውጥ ነው ብሎ ወጣ። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ። እኔ መስኮቴን ዘግቼ «ሥራ ፈት ሁላ!» እል ነበር። የሚሰማኝ ሚስቴ ብቻ ነበረች፤ ውጭ ወጥቼማ አልለውም።

በዚያው ሳምንት አደ ጫልቱ ለቅሶ ሊደርሱ ጫንጮ ሄዱ። ሲወጡ የጓሯቸውን ቁልፍ ሰጡኝ። «ኦቦ ተፈራ፣ አደራ፤ ማታ ያልብሱልኝ፣ ጠዋት ይግለጡልኝ።»

«ምን ችግር አለ» አልኩ።

መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቀሩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ገብቼ ጆንያውን ገለጥኩ። ፍሬው ጭዱ ላይ ቀልቶ ተኝቷል። ሌላ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልገፋኝም። በእጄ መኮትኮቻ ነበር። አንዱን ነቀልኩ። ነቀልኩና ቆምኩ፤ እዚያ ላይ መተው እችል ነበር። ሁለተኛውን ነቀልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነቀልኩ። እንዳያገግም ልቡን በመኮትኮቻ ሰነጠቅሁት፣ ፍሬውን በጫማዬ ረገጥኩት። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው የተማረ ሰው በአንዲት መበለት ጓሮ ውስጥ እያለከለከ እንጆሪ ሲረግጥ ይታይህ። እኔ ነበርኩ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ቁርሴን በላሁ።

አደ ጫልቱ ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጡ። መደቡ አጠገብ ቁጭ ብለው አንዱን ሥር ሲያገላብጡ አጥሩ ጋ ሄድኩ።

«ማን ነው?» አሉኝ።

የማላውቃቸው ሰልፈኞች ገቡ ልል ነበር የተዘጋጀሁት። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ። «ገመቹ ነው። ከጓደኞቹ ጋር አጥር ዘሎ። በዓይኔ አየሁት።»

«ገመቹ? የእኔ ገመቹ?»

«ምን ላድርግ አደ ጫልቱ፣ ያየሁትን ነው።»

አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ? ቁልፍ የሰጡኝ ሰው ነኝ። ገመቹ ሲመጣ አላስገቡትም፤ ምን እንዳጠፋም አልነገሩትም። «አንተ ታውቀዋለህ» ብቻ ብለው በሩን ዘጉበት።

ከአራት ቀን በኋላ ወጣቶችን ከየቤቱ መያዝ ተጀመረ። ከቀትር በፊት ገመቹ እየሮጠ መጥቶ የአክስቱን በር ደበደበ። «አዳዳ፣ ክፈቺልኝ» ይላል። አልከፈቱም። እኔ በራሴ በር ውስጥ፣ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። በመካከላችን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። መክፈት እችል ነበር። አልከፈትኩም። ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ገደሉ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ተያዘ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ተፈታ። ግራ ክንዱ አይዘረጋም። ግንበኛ ነበር አላልኩህም? ቡራዩ ሄዶ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። የአክስቱን ደጅ አልረገጠም።

አንድ ቀን አደ ጫልቱ ደጄ ድረስ መጡ። «ኦቦ ተፈራ፣ እርግጠኛ ነዎት? ምናልባት ሌላ ሰው መስሎዎት ይሆን?» አሉኝ። እየለመኑኝ ነበር። «ምናልባት» ብል ይበቃቸው ነበር። አንዲት ቃል።

«አይ፣ እሱ ነው» አልኩ።

ከነቀልኩት ይልቅ፣ ካልከፈትኩት በርም ይልቅ ራሴን የምጸየፈው በዚህች መልሴ ነው። እንጆሪውን የነቀለው ቅናቴ ነው በለኝ፤ በሩን የዘጋው ፍርሃቴ ነው በለኝ። ይህንንስ ምን ትለዋለህ? ውሸታም እንዳልባል፣ ክብሬ እንዳይነካ ነው። የምን ክብር?

ባለፈው ዓመት አረፉ። ገመቹ ለቀብር መጥቶ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አስፋልቱ ዳር ቆመ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰዎች «ጎረቤት እንዲህ ነው» ብለው መረቁኝ፤ «አሜን» አልኩ።

ከአርባቸው በኋላ ቡራዩ ሄድኩ። ገመቹ ለአንዲት ሴት ቀለም ከመደርደሪያ እያወረደ ነበር። ወደ ጎን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት።

«ስለ እንጆሪ ነው እንዴ የዘጋችብኝ?» አለ። ለካ እስከዚያ ቀን አያውቅም። «ሰልፍ መውጣቴን ጠልታ መስሎኝ ነበር። እልህ ይዞኝ ነው ያልሄድኩት።» ቀጥሎም «እሷ እያለች ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ።

«ፈርቼ» አልኩ።

«እና አሁን አይፈሩም?»

መልሴን ሳይጠብቅ «ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ልጠይቀው ነበር የሄድኩት፤ ፊቱን ሳየው ግን ያም ከእርሱ ሌላ ነገር መውሰድ መሰለኝ። ከአንተም አልፈልግም። ደግ ሰው ሆነህ «ጊዜው ክፉ ነበር» ልትለኝ ካሰብክ ተወው። ጊዜው ክፉ ነበር፣ እውነት ነው። ያን ጠዋት በዚያ ጓሮ ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።