እጃችሁን አሳዩኝ

አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለው ቤታችን ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር፣ አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሽቦውን ቀይረው ፊውዙን መልሰው ከመሰካታቸው በፊት «ያላ፣ እጃችሁን አሳዩኝ!» ይሉ ነበር። ምንም አለመንካታችን እንዲታይ ሁላችንም እጃችንን አንስተን እንቆማለን። አንድ ሰው ከጎደለ መብራት የለም።

ባለፈው ወር ጀናዛቸውን ስናጥብ በጣቶቻቸው ጫፍ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አየሁ። እሳቸውን ግን ማናችንም «እጅዎን ያሳዩን» ብለናቸው አናውቅም።

ትናንት የመብራት ሠራተኛው አሮጌውን የፊውዝ ሳጥን ነቅሎ ብሬከር ገጠመልን። «ከእንግዲህ አትስጋ፤ ችግር ካለ ራሱ ያጠፋል» አለኝ።

ዛሬ መብራቱ ጠፋ። ብሬከሩን ወደ ላይ ልመልስ ጣቴን አስጠጋሁ። ዞር ስል ልጆቼ ማንም ሳይጠራቸው እጃቸውን አንስተው ቆመዋል።

ትንሿ «ባባ፣ ያንተስ?» አለችኝ።