ያልታሰበ ወራጅ

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ቢሮዬ ቦሌ፣ ቤቴ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ስልኬ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ ያነብልኛል፤ ታክሲ ውስጥ ግን የት እንደደረስኩ የሚነግረኝ ረዳቱ ብቻ ነበር። እሱ ከረሳኝ መውረጃዬ አለፈኝ ማለት ነው። ስለዚህ በጂፒኤስ እየተመራ በየመንገዱ ያለውን ቦታ በስሙ የሚጠራ አፕ ለመሥራት ተነሳሁ።

ችግሩ፣ በኛ በኩል ካርታው ባዶ ነበር። ባለቤቴ ታያለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ትቀመጥና ያየችውን ትነግረኛለች፤ እኔ ከሥር ከሥሯ ስልኬ ላይ አስገባለሁ። ፋርማሲ፣ መስጊድ፣ ዳቦ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ። ተሳፋሪው ምን እንደምንሠራ ይጠይቃል፣ ሲገባው ደግሞ ያግዘናል፤ አንዳንዱ ያቺ ሱቅ ከተዘጋች ቆየች ብሎ ያርመናል።

መጀመሪያ ያስሞከርኩት ልጅ ሳለሁ ብሬል ያስተማሩኝን መምህር ነው። እሳቸውም እንደኔው አያዩም፤ ጡረታ ወጥተው ቦሌ ሚካኤል ይኖራሉ። ብዙም ሳይቆዩ ደውለው አፑን ከስልካቸው እንዳጠፉት ነገሩኝ። ወሬ ስለሚያበዛ ረዳቱን እንኳ መስማት አልቻሉም። በዚያ ላይ ታክሲው ሲፈጥን ቦታውን የሚጠራው ካለፉት በኋላ ነው። ቅር ቢለኝም እውነታቸውን ነበር። ቀደም ብሎ እንዲናገር፣ ካልጠየቁት ደግሞ ዝም እንዲል አድርጌ እንደገና ሠራሁትና ስልካቸው ላይ መልሼ ጫንኩላቸው።

አንድ እሑድ ቤታችን ምሳ ጋብዘናቸው ልወስዳቸው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ አልፎ አልፎ ስልካቸውን በጣታቸው መታ እያደረጉ ይጠይቁታል። ጎሮን አለፍ እንዳልን፣ በስተቀኝ ችግኝ መሸጫ እንዳለ ነገራቸው። ከመቼ ወዲህ ነው ብለው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ፤ ድሮም እንደነበረ ነገረቻቸው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣

«ወራጅ አለ» አሉ።

«ጋሼ፣ ገና ነን እኮ፤ አልደረስንም።»

«አውቃለሁ። ና ውረድ።»

ወረድን። ባለ ችግኙ እጃቸውን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ወሰዳቸው። የጥብስ ቅጠሉንም ጤና አዳሙንም በጣታቸው እያሹ አሸተቱ፤ የማያውቁት ቅጠል ሲያጋጥማቸው ስሙን ደጋግመው ያስጠሩታል። በመጨረሻ አንድ የሎሚ ችግኝ መረጡና ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አብረን ተቀመጥን።

«ከቤት ስወጣ የምወርድበት ሁልጊዜ የታወቀ ነው» አሉኝ። «ወይ ሐኪም ቤት፣ ወይ ሰው ቤት። ደስ ስላለኝ ብቻ የወረድኩት ዛሬ ነው።»

አፑን ስሠራ ሐሳቤ ሁሉ ሰው መውረጃው እንዳያልፈው ነበር፤ መንገድ ላይ ደስ ብሎት ይዘገያል ብዬ አላሰብኩም። ባለቤቴ ደውላ የት ቀራችሁ ስትል የት እንዳለን ነገርኳት፤ ሳቀችና ወጡን መልሳ እንደምትጥደው፣ እንዳንቸኩል ነገረችኝ። እኛም አልቸኮልንም።

ከዚያ ወዲህ መምህሬ ብቻቸውን መውረድ ለምደዋል። በቀደም ገርጂ አካባቢ የእንጨት ሽታ ጠርቷቸው ወርደው፣ ከአንድ አናጢ ጋር ሲጫወቱ ማርፈዳቸውን ነገሩኝ። አናጢ ቤቱ ካርታዬ ላይ ለምን እንደሌለ ቆጣ ብለው ጠየቁኝ። የዚያኑ ዕለት ከሥራ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሄደን አስገባነው።