ዜሮውን እርስዎ ይጻፉት

እኛ ትምህርት ቤት ፈተና በቀረበ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው የእኔ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ለሒሳብ ይሰጣል። ሥዕል ምን ዕዳ አለበት! ማርክ ሲደመር ግን እንደ ሒሳቡ ከመቶ ይያዛል። ይህን ሁሉም የሚያስታውሰው ሰኔ ላይ ነው።

የማስተምረው ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ለየልጁ ባለ አሥራ ሁለት ቀለም እርሳስ የሚገዛ ወላጅ ስለሌለ አሥራ ሁለት ልጆች አዋጥተው አንድ ፓኮ ይገዙና አንድ አንድ ቀለም ይካፈላሉ። ከዚያ በኋላ ስማቸው ይቀራል። «ቀዩ፣ ዝም በል!» «ቢጫዋ፣ ተቀመጪ!» እያልኩ ነው የማስተምረው። ሰማይ መቀባት የፈለገ ሰማያዊውን ልጅ ይጠራል፤ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ርዕሰ መምህራችን በመስኮት እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ የደረሳት ነጩ ነበር። እርሳሱ በተከፋፈለበት ቀን ሰሊጥ አጨዳ ላይ ስለነበረች የተረፈውን ወሰደች። በነጭ ወረቀት ላይ ነጭ እርሳስ ምን ይሠራል? አጨዳው ብዙ ቀን አስቀርቷት የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቷም ወድቋል። በሥዕል ጥሩ ካላመጣች አማካይዋ ሃምሳ አይሞላም፤ ክፍል ትደግማለች። አባቷ ደግሞ «ከደገመች ትምህርቱ ይበቃታል» ብለውኛል።

የፈተናው ጧት፣ አባቷ ለዘር የተከራዩት ትራክተር ድንገት መጣ። ለሠራተኞቹ ውሃ ስታመላልስ ቆይታ የፈተናው ሰዓት ከተጋመሰ በኋላ እያለከለከች ገባች። ጥያቄው «የአካባቢያችሁን ሥራ ሳሉ» የሚል ነበር። አቀርቅራ በተራ እርሳስ የሰሊጥ ማሳና አራሚዎች ሳለች። ለመቀባት ግን ጊዜ አልነበራትም።

ያኔ ቀዩ ተነሳ። ቡናማዋ ተከተለችው፤ አረንጓዴው፣ ቢጫዋም። ከበቧትና በየቀለማቸው ወረቀቷን መሙላት ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። እኔም የዚሁ ቆላ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አንዱን አረም ሲቀድመው ጎረቤቱ የራሱን ጨርሶ ወደ እሱ ማሳ ሲሻገር እያየሁ ነው ያደግኩት። ልጆቹም ቤታቸው ያዩትን ነው ያደረጉት። አላስቆምኳቸውም። ዛሬም ቢሆን አላስቆማቸውም።

ርዕሰ መምህሩ ግን ገቡ።

«ይኼ ምንድን ነው? ኩረጃ በአደባባይ! ለእሷ ዜሮ ስጪ፤ የረዷትንም ከጠባይም ከማርክም ቀንሺባቸው!»

ከሰዓት ቢሮ አስጠሩኝ። ከበሩ ጎን በትልልቅ ፊደል «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል፤ ያጻፉት እሳቸው ናቸው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«የእሷ ሥራ የቱ ነው?» አሉኝ።

«መስመሩ በሙሉ የእሷ ነው። አበባውም።»

ጓደኞቿ ከቀቡት አረንጓዴ ላይ ነጭ እርሳሷን አጥብቃ እየተጫነች ማሳውን ከዳር እስከ ዳር የሰሊጥ ነጭ አበባ አልብሳው ነበር።

«ሰማኒያ አምስት ሰጥቻታለሁ» አልኩ። «ጠባይ ካርዱ ላይ የራሱ ቦታ አለው። ከሥዕል ማርክ ግን አንዲት አልነካም።»

«እኔ ዜሮ ብያለሁ!»

የማርክ መዝገቡንና እስክሪብቶዬን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«እንግዲያው ዜሮውን እርስዎ ይጻፉት። ይፈርሙበትም። አባቷ ሲመጡም እርስዎ ይንገሯቸው።»

እስክሪብቶውን አነሱ። ወረቀቷን ደግመው አዩት። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡት።

«ውጪልኝ» አሉ።

ሰማኒያ አምስቱ ጸና፤ ልጅቷም ለጥቂት አለፈች። የእኔ የሥራ አፈጻጸም ላይ «ክፍል መቆጣጠር አትችልም» ተብሎ ተጻፈ። ይጻፍ! ቅሬታ እንኳ አላስገባሁም። በቀጣዩ ዓመት የሥዕል ፈተናዬን «ለአራት ሆናችሁ አንድ ሥዕል ሳሉ» ብዬ አወጣሁ፤ እስቲ አሁን ኩረጃ ይበሉት።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ አምስተኛ ክፍል አዲሱ ፓኮ ሲከፈት፣ ያቺ ልጅ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። አሥራ ሁለቱም ቀለም ፊቷ ነበር። እጇን ሰድዳ ነጩን አነሳች።

«ኧረ ዛሬ እንኳ ቀዩን ውሰጂ» አልኳት።

«እምቢ» አለች።