ኦሪን የወተፋቸው ቀዳዳዎች

ግንቦት ሲጋመስ ዌንትሊንግ ከተማ ውስጥ ሁለት ነገር አይቀርም ነበር፤ የወንዝ ዳር ትንኝና የኦሪን ስቶልዝ መሰላል። ትንኙን ሁሉም ይረግመዋል። መሰላሉን ያየ ባለመኪና ግን ጥሩምባ ነፍቶ ሰላም ሳይል አያልፍም። ኦሪን የወታደሮች መታሰቢያ ቀን ከመድረሱ በፊት መናፈሻው ውስጥ የቆመችውን አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ከጭስ ማውጫዋ እስከ መንኮራኩሯ ጥቁር ቀለም ይቀባታል፤ ቁጥሯን በነጭ ያደምቃል፤ ደወሏን ፊት እስኪያሳይ ይወለውላል። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዘው ሰው የለም።

የኦሪን ሥራ ቤት መቀባት ነው። ቤት መቀባት የትም ቢሆን ነውር አይደለም፤ ዌንትሊንግ ግን የባቡር ሰዎች ከተማ ናት። እዚያ ሰው ሲተዋወቅ የሚጠያየቀው አባቱ በየትኛው ባቡር ላይ እንደሠራ ነው። የኦሪን አባት በዚችው ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ከሰል በአካፋ እየዛቀ እቶኗን አብልቷል። ኦሪን ግን አንድ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለማይሰማ ባቡር ላይ ሳይቀጠር ቀረ። የናፍጣ ባቡር መጥቶ የእንፋሎት እህቶቿ ሁሉ ተቆራርጠው ሲቀልጡ እሷ አንዷ ተርፋ ለከተማው ስትሰጥ፣ ኦሪን ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ ከተፍ አለ። ከዚያ ወዲህ እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቃት።

የባቡር ሰዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ መቆጣት። ይህ ከክፋት አይደለም። እንፋሎት ባለበት ቦታ የአንዱ ስህተት የሌላውን ነፍስ ስለሚያጠፋ፣ ስህተት ያየ ሰው ዝም አይልም፤ እዚያው በሰው ፊት ልክህን ያስገባሃል፣ ማታ ደግሞ አብሮህ ቢራ ይጠጣል። በዚህ ነገር የሁሉም አለቃ የባቡሯ የመጨረሻ ነጂ ሌስተር ኡምሆልትዝ ነበር። ጡረታ ወጥቶ እንኳ ጓደኛው ሬይመንድ የሚያዳልጠውን ሐዲድ ሲረግጥ ካየ፣ "አንተ ደንባራ! ሐዲድ ይረገጣል? እግር የተሰጠህ ለጌጥ ነው?" ብሎ ሰፈሩን ያናውጠዋል። ሬይመንድም "እሺ እሺ፣ አትጩህ" እያለ ይወርዳል።

ኦሪንን ግን ሌስተር አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም። "ደግ አደረግህ፣ ኦሪን" ነው የሚለው ሁልጊዜ። ኦሪን በዚህ ይኮራ ነበር። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለላቪና፣ "ሁሉንም ሲያዋርድ ዋለ፤ እኔን ግን አይነካኝም" ይላታል።

አንድ ዓመት፣ የሰኔው የከተማው ግብዣ ላይ፣ ሰዉ በባቡሯ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ዶሮና በቀይ ሥር የቀላ እንቁላል ሲበላ ተርብ ወረደበት። ቤቱን የሠራው የባቡሯን ሆድ በሚሸፍነው ላሜራ ውስጥ ኖሯል፤ የሚገባና የሚወጣውም ከላሜራው ግርጌ በተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪዋን ሑልዳ ዲትዝን ከንፈሯ ላይ ነደፋት። ከንፈሯ ዳቦ አክሎ መዝሙር ያለ መሪ ሰነበተ። ኦሪን አላስቻለውም። ከእንጨት ውታፍ ጠረበ፣ ሬንጅ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳዎቹን አንድ ሳያስቀር ወተፈ፣ ከላይ ቀባበት። በዓመቱ ግብዣ ላይ አንድም ተርብ አልታየም። ሑልዳ ጉንጩን ሳመችው፣ ሰዉም ተነስቶ አጨበጨበ። ሌስተር ጎንበስ ብሎ ውታፎቹን አየ፤ ኮፍያውን ነካ አደረገና፣ "ንጹሕ ሥራ ነው፣ ኦሪን" አለ። ከዚያ በኋላ ኦሪን በየፀደዩ ቀለሙን ሲያድስ ሬንጁንም ያድስ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሌስተር ምርኩዝ ያዘ፣ የኦሪንም ፀጉር ነጣ። ያኔ ነው የባቡር ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ባቡሯን እንደገና እሳት እናነድባታለን፣ እስከ ድልድዩ ድረስ እንነዳታለን ብለው የተነሱት። ሌስተር ሳይሞት አንዴ መዘወሯን ሊይዝ ይመኛል። ለኦሪን ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ ቃል ገቡለት፤ የመጀመሪያዋን አካፋ ከሰል የሚጨምረው እሱ ነው። ኦሪን ያን ቀን እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አያውቅም። የአባቱን አካፋ ከጋራዡ አውጥቶ በአሸዋ ፈትጎ አበራና ከበሩ አጠገብ አቆመው። ላቪና በመጣች በሄደች ቁጥር ያደናቅፋት ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ አላነሳውም።

ከስክራንተን ከተማ አንዲት የቦይለር መርማሪ መጣች፤ ዳርላ ክሩፒንስኪ ትባላለች። ውሃ የሚፈላበትን ትልቁን ጋን መርምራ እሳት ይቻለዋል ካላለች፣ ክብሪት መጫር አይቻልም። ማኅበርተኞቹ ከበቧት፤ ኦሪን መብራት ያዘላት። ከሆድ በኩል አንዱን ላሜራ ፈትታ ስታወርደው፣ ሙቀት እንዲይዝ ከውስጥ የተጠቀጠቀው ሽፋን እንደ ጭቃ ዘጭ ብሎ ወደቀ። የረግረግ ሽታ ሸተተ። ዳርላ ብረቱን በመዶሻዋ መታ መታ አደረገች። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮሃል፤ ይሄኛው እንደ እርጥብ ካርቶን "ዱብ" አለ። ዝገቱ በሉክ በሉክ ተገመሰ። አንድ ቦታ ላይ ጠበቅ አድርጋ ብትመታው የመዶሻዋ ሹል ጫፍ ጥልቅ ብሎ ገባ።



"ዝናብ ከላይ በላሜራው መገጣጠሚያ መግባቱ አይቀርም" አለች ዳርላ። "እነዚህ የግርጌ ቀዳዳዎች የተበሱት የገባው ውሃ እንዲወጣ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ ውሃ ታቅፋ ቆማለች እኮ! ማነው የወተፋቸው?"

ኦሪን መብራት ያልያዘ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጥፍሩ ሥር በዚያው ሰሞን ያደሰው ሬንጅ እንደ ጠቆረ ነው።

"የባቡር ድርጅቱ ነው" አለ ሌስተር። "ሲሰጡንም እንዲሁ ነበረች።"

"ጋሼ፣ ይሄ ሬንጅ እኮ ገና ይሸታል።"

"ድርጅቱ ነው አልኩሽ፣ ዳርላ!"

ዳርላ ሌስተርን አየች፤ ቀጥላ ኦሪንን አየች። "እሺ" አለች ቀስ ብላ። ያቺ እሺ ከመዶሻው ይልቅ ጠልቃ ገባች። ሬይመንድና ሌሎቹ የየራሳቸውን ጫማ ይመለከታሉ። ኦሪን በሐፍረት ውሃ ሆኖ መብራቱን ይዞ ቆመ።

"እሳት ቢነድባት ትፈነዳለች" አለች ዳርላ መሣሪያዋን እየሰበሰበች። "ለመታየት ትቁም። እንፋሎት ግን ከእንግዲህ አይታሰብም። አዝናለሁ።"

ኦሪን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ሸሸ። ወደ ሥራ ሲሄድ በመናፈሻው በኩል ላለማለፍ ኮረብታውን ይዞራል። በእሳት አደጋ ጣቢያው ማኅበርተኞቹ አብረው የሚበሉትን የቅዳሜ ቁርስ ተወ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሬይመንድን ሲያየው ከዱቄት መደርደሪያው ጀርባ ተሸሸገ፤ ሬይመንድም አይቶት ኖሮ እንዳያሳፍረው ብሎ ከወዲያኛው ጎን ተሸሸገ። ሁለት ሽማግሌዎች በዱቄት ተከልለው አንዱ የሌላውን መውጣት ሲጠብቁ ቆዩ። የሚያንገበግበው ጥፋቱ ብቻ አልነበረም። ሌስተር ያን የሚያህል ሰው ስለ እሱ ሲል ዋሽቶ፣ እሱ ደግሞ ውሸቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሥሩ ቆሟል። አካፋውን አንስቶ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ኋላ ደበቀው።

ይህ እንዳይበቃ ከንቲባዋ ደወሉለት። ባቡሯ ባትነዳም ክብሯ አልተነካም፣ በሰኔው ግብዣ ላይ "ጠባቂዋ ኦሪን ስቶልዝ" የሚል የነሐስ ሰሌዳ እጎኗ ላይ ይለጠፋል አሉት። ኦሪን "አመሰግናለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋና በቁሙ ላብ አጠመቀው።

"ምን አሉህ?" አለች ላቪና።

"ስሜን ሊለጥፉባት ነው። ገድያት ስሜን ሊለጥፉባት ነው፣ ላቪና! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ?"

ላቪና የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች። "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ሁሉ የባቡር ሰው በየዓመቱ ከሆዷ ሥር ተቀምጦ ዶሮ ሲግጥ ዓይኑ የት ነበር?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንተ ቀለም ቀቢ ነህ፤ ባታውቅ አይገርምም። እነሱ ናቸው የሚገርሙኝ።"

ኦሪን ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሌስተር ጓሮው ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ከእንጨት ጋር ያስራል። ኦሪንን ሲያይ ምርኩዙን ፈለገ። "ና፣ ግባ፤ ቀዝቃዛ ነገር ጠጣ።"

"አልጠጣም። እነዚያ ቀዳዳዎች ለምን እንደሆኑ ታውቅ ነበር?"

ሌስተር ወደ ችግኙ ዞረ። ክሩን አንዴ ጠመጠመ፤ ደግሞ ፈታው። "አውቅ ነበር" አለ።

"መወተፋቸውን መቼ አየህ?"

"ያጨበጨብንልህ ዕለት።"

"እያየህ ነው ያጨበጨብከው?"

"ምን ላድርግ? ሑልዳ ጉንጭህን ስማ፣ ፊትህ እንደ ሙሽራ በርቶ... ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ከበደኝ። በዓመቱማ ባሰ፤ እስከዛሬ የት ነበርክ ብትለኝስ? እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመኑ አለፈ።"

"ሬይመንድስ?"

"ሬይመንድም ያውቃል። ሁላችንም እናውቅ ነበር።"

ኦሪን ከችግኞቹ መሃል ቆሞ ቀረ። ባቡሯ በዝናብ ብቻ አልበሰበሰችም፤ ይሉኝታም ረድቶታል። አንድ ሰው ደፍሮ አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ ዛሬ እቶኗ ይነድ ነበር።

"ሬይመንድ ቢሆን የወተፈውስ?" አለ ኦሪን።

ሌስተር ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። "ሬይመንድ ቢሆንማ እዚያው ጆሮውን ጎትቼ ውታፉን በጥርሱ ነበር የማስነቅለው!"

ሳቁ አየር ላይ ቀረ። ሁለቱም የተባለውን ሰሙት።

"እኔን ግን አልጎተትከኝም።"

"አንተን እንዴት አድርጌ፣ ኦሪን... አንተ እኮ..."

"እንግዳ ነኛ። እንግዳ አይሰደብም።"

ሌስተር አንገቱን ደፍቶ የክሩን ጫፍ ሲያፍተለትል፣ ኦሪን በሩን ከፍቶ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ፊቱ ፍም ሆኖ ሄደ። በየማታው ለላቪና "እኔን አይነካኝም" እያለ ሲጎርር የኖረው ትዝ አለው። እንደ ሽልማት የቆጠረው ነገር ለካ ደጃፍ ላይ ማስቆሚያ ኖሯል። ከባቡሯ ሞት ይልቅ ይህ አሳፈረው፤ ይህ ስላሳፈረውም ደግሞ አፈረ።

የግብዣው ቀን ፀሐይ ነበር። ኦሪን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ኪሱ ውስጥ ፒንሳ ይዞ መጣ። ከንቲባዋ ንግግራቸውን ጨርሰው የነሐስ ሰሌዳውን ገለጡና ስሙን ጠሩ። ጭብጨባው ቀለጠ። ኦሪን ወደ ማይክሮፎኑ አልሄደም። ጎንበስ አለና ከባቡሯ ሆድ ሥር ገባ።

"ምን ጥሎ ነው?" አለ አንዱ።

ኦሪን ጀርባውን ሣሩ ላይ ጣለ፣ መሃል ላይ ያለውን ውታፍ በፒንሳው ይዞ ጎተተ። ውታፉ እምቢ አለ፤ ከዚያ ተፈናጥሮ ወጣ። ተከትሎ ቀይ የዝገት ውሃ ተንዶለዶለና ነጭ ሸሚዙን ከአንገት እስከ ቀበቶ አጨቀየው። ኦሪን ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወደ ሚቀጥለው ውታፍ ተሳበ። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ሑልዳ ዲትዝ ከወንበሯ ሆና ውሃውን አየች፣ ከዚያ ኦሪንን አየች፣ እጇንም ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከተማው በሙሉ ገባው። ለኦሪን ከሥር ሆኖ የሚታየው የሰዉ ጫማ ብቻ ነው፤ አንዱም አይንቀሳቀስም። ዓይኑን ቢጨፍን ደስ ባለው፤ ግን ሁለተኛውን ውታፍ ያዘ።

"አንተ ደደብ!"

የሌስተር ድምፅ ነው። ባቡር በሚነዳበት ዘመን እንኳ እንዲህ የጮኸ አይመስልም። ምርኩዙን ባቡሯ ላይ እየጠቆመ ቆሟል፤ ጉንጮቹ ረጥበዋል።

"ከመሃል ይጀመራል? ውሃ ሽቅብ የሚወጣ መሰለህ? ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምር፣ አንተ ባለ ብሩሽ! ደግሞ ከሥሩ ውጣና በጎን ሆነህ ጎትት፣ ዓይንህን ሊያጠፋህ ነው እንዴ! ማነው እንዲህ ያስተማረህ?"

"አንተ ሽማግሌ፣ ባሌን በሰው ፊት!" ብላ ላቪና ብድግ አለች።

"ተይው!" አለ ኦሪን ከሥር ሆኖ። "ተይው ላቪና፣ ልክ ነው።"

ሬይመንድ ጃኬቱን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ፤ ፒንሳ ስላልነበረው ውታፉን በጣቱ ይቧጥጥ ጀመር።

"እሺ" አለ ኦሪን ለሌስተር። ከሥር ወጥቶ፣ ውሃው ከሸሚዙ እየተንጠባጠበ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ እየዳኸ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ሄደ።