ከካቡ ማዶ የጠራኝ

እኛ አገር፣ ከሮብ ገበያ በላይ ወደ ጮቄ ሲወጣ፣ ጉም በወረደ ጊዜ ለመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» አይባልም። የሚጠራው ሰው ከሆነ ይደግማል፤ ይሠልሳል። ያ ስሙ የማይነሣው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፤ «አቤት» ያለውንም ይዞት ይሄዳል ይባላል። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሳት አትንኪ ከማለቷም በፊት ሳይሆን አይቀርም።

ፊደል ያስቆጠረኝ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሴት ልጅ ናት ተብዬ ከትምህርት ቤት ስቀር፣ እሱ ማታ ማታ የተማረውን በከሰል በራችን ላይ እየጻፈ አስነበበኝ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ፊደል ነው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እሱ ብቻ የሚጠራኝ የቁልምጫ ስም ነበረኝ። ያን ስም እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ዓመት መስቀልን ከእኛ ጋር ዋለና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። አብረውት የሄዱት ለገና ተመለሱ። እሱ የለም። «ከአንዱ መኪና ወርደን ሌላው ላይ ስንሳፈር ተለያየን» አሉ። ስልኩ ላይ ስንደውል ያቺ የማናውቃት ሴት ማግኘት አይቻልም ትለናለች። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ትለምናት ነበር፤ «እባክሽ እቴ፣ ድፎ ዳቦ እደፋልሻለሁ፣ አንዴ ብቻ አገናኚኝ!» እኛም እንስቅ ነበር። እየቆየ መሳቁ ቀረ።

ስድስት ዓመት ጸለይን። በየወሩ በሃያ አንድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንቆማለን። ሲመለስ በስለት የማስገባውን ጃንጥላ ሳይቀር ደብረ ማርቆስ ሄጄ ገዝቼ፣ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥሁ። ምንም። መሞቱን የሚነግረን እንኳ ጠፋ። በስድስተኛው ዓመት እናቴ ለተዝካሩ ጠላ ብቅል አበቀለች።

«ይበቃል፤ ሞቶ ከሆነ ነፍሱ ጸሎት አጥታ ትንከራተታለች» አለችኝ።

«ተዝካሩን ካወጣሽ የገደልነው እኛ ነን!» አልኋት። ተኮራረፍን።

በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እንቁላል ይዤ ወደ ገበያ ስወርድ ጉም ዋጠኝ። እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ አይታዩኝም። መንገዱንና የገብሱን ማሳ የሚለየውን የድንጋይ ካብ እየዳበስሁ ስሄድ፣ ከካቡ ማዶ ጠራኝ።

በዚያ ስም። በዚያ ድምፅ፣ መጨረሻውን ትንሽ እየሳበ።

አፌ ተከፈተ። «አቤት» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ዋጥኋት። ይድገመው ብዬ ካቡ ሥር ቆምሁ። እንቁላሎቹ በዘንቢሉ ውስጥ እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ከማዶ ድምፅ የለም። ባዶ ግን አልነበረም፤ ሰው የሚጠብቅበት ዝምታ ያስታውቃል።

ጉሙ ሲገፈፍ ተንጠላጥዬ አየሁ። ገብሱ ጤዛ ለብሶ ነጭ ሆኗል። በመካከሉ ጤዛው የረገፈበት፣ የሰው ወርድ የሚያህል አረንጓዴ መስመር ከዳገቱ ወርዶ ካቡ ድረስ መጥቷል። የመመለሻ መስመር የለውም።

ገበያው ቀረ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት።

«አቤት አልሽ?»

«አላልሁም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። በማግሥቱ ብቅሉን እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ምነው አቤት ባልሽው» አለች።

ያን ጊዜ ጸሎት አቆምሁ። የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ የካቡን ነገር ሳላስቀር የሆዴን ዘረገፍሁላቸው።

«አባ፣ እግዚአብሔርን ስድስት ዓመት ጠራሁት። አንድ ቀን እንኳ አቤት አላለኝም። እርስዎ ሰምቶኛል ይላሉ?»

«አንቺስ ለወንድምሽ ያልመለስሽለት ጠልተሽው ነው?»

«ኧረ አባ! ልቤ ሊወጣ ነበር እኮ!»

«የት ሆነሽ?»

«ካቡ ሥር። ክንድ በማይሞላ ርቀት።»

ጢማቸውን ዳበሱ። «እግዚአብሔር ስለምን ዝም እንዳለሽ አላውቅም፣ ልጄ። አውቃለሁ የሚል ካህን ካገኘሽ ላኪልኝ፤ እኔም የምጠይቀው አለኝ። ብቻ ዝም ያለ ሁሉ ጥሎ እንዳልሄደ አንቺ ታውቂያለሽ። ካቡ ሥር ቆመሽ ነበር።»

እናቴ ከጓዳ፣ «ማዶ የነበረውስ ማን ነው፣ አባ?» አለች።

ጠበሉን ረጭተው ወጡ።

እንደገና ጉም የወረደ ጠዋት፣ እናቴን ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ብቅሉ ሳይፈጭ በእንቅቡ እንዳለ ነው።

«ነይ» አለችኝ።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ካቡ ድረስ ወረድን። አማተብን። ካቆምሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «አባታችን ሆይ» ደገምሁ፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ከዚያ እናቴ ልጇን በስሙ ጠራችው። ጉሙ ዋጠው። ሁለተኛውን እኔ ጠራሁ። መልስ የለም። ከማዶ ገብሱ ሽው አለ፤ ነፋስ ግን አልነበረም።

የእናቴ እጅ በረዶ ሆኗል። እጄን ግን አልለቀቀችም።

«ድገሚው፤ ሰው መሆናችንን ይወቅ» አለች።

ሦስተኛውን አብረን ጠራነው።