በቀለሙ ማሰሮ ውስጥ የጨመርኩት እንዶድ

ባለፈው ሰኔ፣ ሞጣ፣ ጎረቤቴ ለጠላ የምትቆላው ገብስ አርሮባት ጢሱ ከእርጥብ ቅጠል ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በአጥሩ ሾልኮ ልብስ ወደማጥብበት ሲደርስ፣ እጄ ከነሳሙናው ቆመ። እንዲህ የሚሸተው የአባቴ የቀለም ማሰሮ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ ከቢቸና ድረስ ፈልጎኝ የመጣ መሰለኝና ደነገጥኩ።

በዚያው ሳምንት ልጄ ማስተዋል ከዩኒቨርሲቲ ደወለች። ስልኬ ሲጠራ ገና ሳላነሳው አማትባለሁ፤ መንገዱ ክፉ ነው፣ እኔም ፈሪ ነኝ። ወደ ትምህርቷ ስትሄድ የዓባይን ድልድይ እስክትሻገር እህል በአፌ አይዞርም፤ «እማ፣ ድልድዩን አልፈናል» ስትለኝ ነው ውሃ እንኳ የምጠጣው። ያን ቀን ግን የደወለችው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

«መምህራችን ማን እንደሆናችሁ ጻፉ ብሎናል። የት አደግሽ፣ ምን ትወጃለሽ፣ ኬሚስትሪን ለምን መረጥሽ። የማስረክበው አርብ ነው።»

«ጻፊዋ! ሞጣ አደግኩ፣ ትምህርት እወዳለሁ በይ።»

«እሱንማ ሁሉም ይጽፋል። እኔ የጀመርኩት እርድ ካፈሰስኩበት ቀሚስሽ ነው። ያኔ እጄን መትተሽኝ ስታበቂ፣ አንቺው ያለቀስሽው ለምንድን ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«እማ፣ ካርዴ እያለቀ ነው።»

«ይለቅ፣ እኔ እደውልልሻለሁ» አልኳት።

ማስተዋል ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። እርድ የነካውን ነጠላዬን ሳጥብ ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲያገኘው ቀላ፤ «እማ፣ ነጠላው ደማ!» ብላ ጮኸች። እኔ አጥቤ ረሳሁት፣ እሷ ግን በማግስቱ እርድ በጥብጣ የጥምቀት ቀሚሴ ላይ አፍስሳ፣ ሳሙና እየቀባች «ቀላ! ደግሞ ቀላ!» ስትል ደረስኩባት። እጇን መታሁት። «ለምን እንደሚቀላ ንገሪኝና አልደግመውም» አለችኝ ዓይኔን እያየች። ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ እሷ ላይ ራሴን አየሁ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ቢቸና ቤታችን ውስጥ ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በብራና ላይ በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ ቀለሙንም የሚያዘጋጁት ራሳቸው ነበሩ። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ እኔ ከድስትና ከማሰሮ ቂጥ ጥላሸት እፍቅ ነበር፤ እሳቸው ገብሱን እስኪከስል ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ከጥላሸቱ፣ ከቅጠልና ከውሃ ጋር በማሰሮ ይደባልቁትና ለወራት ያስቀምጡት ነበር። ጠዋት ጠዋት እሱን ማማሰል የእኔ ሥራ ነበር።

«ጥሩዬ፣ አማስይ እንጂ አትጠይቂ» ይሉኝ ነበር፣ ስጠይቅ እጄ ይቆም ስለነበር። ለምን ይሸታል? ሲቆይ ለምን ይወፍራል? ዝንብ የጠቆረችው ይህን ጠጥታ ነው ወይ? ሲበዛባቸው ወደ እናቴ ዞረው «ይቺ ልጅ ስትሞት የሚወስዳትን መልአክ ሳይቀር ትመረምረዋለች» ይሉና ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ የቤቱ ልብስ ሁሉ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። አንድ ዓመት፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እናቴ ቀለም የነካውን የአባቴን እጀ ጠባብ በእንዶድ ስታሸው ጥቁሩ እየለቀቀ ሲወርድ አየሁ። እንዶድ ቀለምን ከልብስ ላይ ካባረረ፣ ማሰሮው ውስጥ ቢገናኙ ማን ያሸንፋል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ አላስተኛ አለኝ። በማግስቱ እናቴ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ከተወቀጠው እንዶድ አንድ እፍኝ ዘግኜ ቀለሙ ውስጥ ጨመርኩና አማሰልኩት። አረፋው እስከ ማሰሮው አፍ መጣ፣ ቆይቶ ሰከነ፣ ቀለሙም እንደጠቆረ ነበር። ቀለሙ አሸነፈ ብዬ እየዘለልኩ ወጣሁ።

በጋውን ሙሉ አባቴ በዚያ ቀለም ለአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጻፉ። ክረምት ገብቶ እርጥበቱ ሲመጣ ግን ፊደሉ ከብራናው እየለቀቀ በአንባቢው ጣት ላይ ይቀር ጀመር። ካህናቱ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው መልሰው አመጡት፤ አንዳቸውም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፣ እሱ ደግሞ ባሰ። አባቴ ቀኝ እጃቸውን እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩና «በረከቱ ከእጄ ተነሥቷል» አሉ። የመቃ ብዕሮቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጣራው ሥር ሰኳቸው። ከዚያ ወዲያ አልጻፉም።

እኔ ነኝ አላልኩም። ትምህርት ቤትም እስክሪብቶ ስይዝ የለቀቀው ፊደል እየታየኝ መጻፍ ስላቃተኝ ከአራተኛ ክፍል ቀረሁ፤ ሰው ዓይኗን አሟት ነው አለ። አግብቼ ሞጣ ስመጣም ከጓዜ ጋር ፍርሃቴን ይዤ መጣሁ።

መልሼ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ማስተዋል «አያቴ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ማን ነግሯቸው?»

«እንግዲያው እሳቸው ሳይሰሙ እኔ አልጽፈውም።»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢቸና ሄድኩ። አባቴ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ጋቢ ደርበው ዝናቡን እያዳመጡ አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነገርኳቸው፣ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና እንደዚያን ጊዜው አገላበጡት።

«ይህን ሁሉ ዘመን» አሉ፣ «ከእጄ ጋር ተጣልቼ ኖርኩ።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ተነሺ አላሉኝም። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ምን ያህል ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ምኑ፣ አባባ?»

«እንዶዱ ነዋ!»

«አንድ እፍኝ። የልጅ እፍኝ።»

«የልጅ እፍኝ…» ብለው አሰቡ። «ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«እንዶዱ፣ አባባ። ግን ቆይቶ።»

«ቆይቶ!» አሉና ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ፤ እኔ አብሬ ልሳቅ ልቤ ገና አልደፈረም። ብዕሮቹን ከጣራው ሥር አስወርደውኝ አንዱን በጣታቸው መሐል አሽከረከሩት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደ ልጅ ራስ ደባበሱት፤ ከዚያ «ይቺን ለልጅቷ ስጪልኝ፣ እንድትጠይቅም ንገሪያት» አሉኝ።

መስማታቸውን ደውዬ ነገርኳት፤ ማስተዋልም አርብ ዕለት ጽሑፏን አስረከበች። ክረምቱን እቤት ከርማ፣ መስከረም ላይ ብዕሯን በቦርሳዋ ይዛ ተመለሰች፤ እኔም ድልድዩን አልፈናል እስክትለኝ ድረስ እንደ ወትሮው እህል አልቀመስኩም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ያኔ እኔ አማስይ እንጂ አትጠይቂ እየተባልኩ አደግኩ፤ ዛሬ ልጄ ልትጠይቅ ወንዝ ተሻግራ ትሄዳለች። ስትደውል «ደህና ነሽ?» ካልኩ በኋላ አሁን አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፦ «ዛሬስ ምንን ከምን ጋር ቀላቀላችሁ?» እርዱ በሳሙና ለምን እንደሚቀላም ሁለት ጊዜ አስረድታኛለች። ገና አልገባኝም። ደግሜ እጠይቃታለሁ።